ማሲቢያ ስለማትጠራው ውኃ

በቬሊያና መርከብ ላይ፣ ከደርባን ወደ ፖርት ሉዊስ በሚወስደው የባሕር መንገድ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.። የጸሐፊው ዕድሜ ዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞልቷል።

ለተከበሩ ካፒቴን ሲልቫኖ ፔርቴጋቶ፣
የመርከቢቱ አዛዥ፣ የአሥራ አራት ደርቦች፣ የሦስት መዋኛ ገንዳዎችና የአንድ እንቅልፍ የማያውቅ ድምፅ ማጉያ የበላይ ጠባቂ፤

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን፣ ውድ ባለቤትዎንና በአገርዎ በጣሊያን የቀሩትን ልጆችዎን በሙሉ ጤንነትና በደስታ እንድታገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። ለመርከብዎ ሞተሮች፣ ለመልሕቅዎና ለወጥ ቤትዎ ምድጃዎችም እንዲሁ ጤና እመኛለሁ። ለድምፅ ማጉያው ጤና መመኘት ግን ትርፍ ድካም መስሎ ስለታየኝ አልፌዋለሁ፤ ከተሳፈርን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ጉሮሮውን ሲያመው አልሰማሁምና።

ኤልፋስ ዙንጉ እባላለሁ። በኡምላዚ የምኖር፣ የዙሉን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርና ስለ ቃላት በጋዜጣ ስጽፍ ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። ከባለቤቴ ከማሲቢያ ጋር በሰባተኛው ደርብ፣ «ባሕር የሚታይበት» ተብሎ በተሰጠን ክፍል ውስጥ አርፈናል። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ብርቱካናማ የነፍስ አድን ጀልባ ተንጠልጥሏል፤ ባሕሩ እንዲታየን ጀልባው መውረድ ይኖርበታል፤ ጀልባው የሚወርደው ደግሞ መርከቢቱ ስትሰጥም ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን በተሰጠን የደኅንነት ትምህርት ተረድቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ረገድ ቅሬታ የለኝም፤ ባሕሩን ሳላይ ብቀር እመርጣለሁ።

ይህንን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቴን ላስረዳ። አስቀድሜ በዝግ ፖስታ ሁለት ማስታወሻዎች ጽፌ ለእንግዳ መቀበያው አስረክቤ ነበር። እዚያ ያሉት ወጣቶች በሚያስደንቅ ፈገግታ ተቀብለውኝ ለእያንዳንዱ ማስታወሻ አንዳንድ የነፃ አይስክሬም ካርድ ሰጥተውኛል። አይስክሬሙ እጅግ ጣፋጭ ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪሜ ስኳር ስለከለከለኝ ሦስተኛ ቅሬታ በዚያው መንገድ ለማቅረብ ጤናዬ አይፈቅድልኝም፤ ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ቁርስ ለምንበላበት ጠረጴዛ ባልደረቦች፣ ሌላውን ደግሞ በአንድ ወቅት ተማሪዬ ለነበረ የደርባን ጋዜጣ አዘጋጅ ለማድረስ ወስኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ ወደብ የማይደረስባቸውን፣ እናንተ «የባሕር ቀናት» የምትሏቸውን እነዚህን ቀናት ምን ያህል እጠብቃቸው እንደነበር ቢያውቁልኝ እወዳለሁ። በወጣትነቴ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በደርባን ወደብ ሻንጣ እሸከም ነበር። ሐምራዊ ቀለም የተቀቡት ትልልቅ የፖስታ መርከቦች ሲመጡ፣ በላይኛው ደርብ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው በረጃጅም ወንበሮች የተጋደሙ መንገደኞች ይታዩኝ ነበር። መጽሐፍ ይይዛሉ፤ አያነቡትም። ባሕሩ ላይ ያፈጥጣሉ፤ ምንም አይፈልጉበትም። እኔ በዚያን ዘመን በዚያ መርከብ ላይ ልወጣ የምችለው የሌላ ሰው ሻንጣ ከተሸከምኩ ብቻ ነበር፤ ሻንጣውን ካስቀመጥኩ በኋላ መውረድ ነበረብኝ። የቀናሁት በምግባቸውም በልብሳቸውም አልነበረም። በዚያ ሥራ ፈትነታቸው ቀናሁ። ልጃችን ፊኪሌ የጋብቻችንን ሃምሳኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ይህንን ጉዞ ስትሰጠን፣ ያ ሥራ ፈትነት ዘግይቶም ቢሆን አድራሻዬን ያገኘው መሰለኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልሻገር፤ ለቅልጥፍና ስል በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ከዝምታ ስለጠበቁን። በባሕር ላይ ሰው ብቻውን ቢተው ወደ ሐሳብ ሊገባ እንደሚችል፣ ሐሳብም በዚህ ዕድሜ አደገኛ መሆኑን የመዝናኛ ክፍልዎ በሚገባ ተገንዝቧል። ገና ዓይናችንን ሳንገልጥ በበራችን ሥር የሚገባው የዕለቱ መርሐ ግብር በአንዲት የዕረፍት ቀን ውስጥ የወገብ ማፍታቻ ስፖርት፣ የናፕኪን አጣጣፍ ትምህርት፣ የወርቅ ሰንሰለት በክንድ ተለክቶ የሚሸጥበት ገበያ፣ የዕጣ ጨዋታና ደረተ ጠጉራም ወንዶች የሚወዳደሩበት ትዕይንት አካትቶልናል። አንዱም እንዳያመልጠን ድምፅ ማጉያው ሁሉንም ያስታውሰናል፤ የረሳን ከመሰለውም ይደግምልናል። ትናንት በመጸዳጃ ቤት ሳለሁ እንኳ የእጅ ሰዓቶች ዋጋ መቀነሱን ነግሮኛል። በዚያ ሁኔታ ላይ እያለሁ የታሰብኩበት ጊዜ በሕይወቴ ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛ፤ ከፎጣዎች ጋር ስላስተዋወቁን። በላይኛው ደርብ ያሉት መጋደሚያ ወንበሮች ጎሕ ሳይቀድ በፎጣ ይያዛሉ። የፎጣዎቹ ባለቤቶች ቁርስ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይተኛሉ፣ ምናልባትም አንዳንዶቹ ደርባን ቀርተው ይሆናል። እኔም ከሰው ይልቅ ከፎጣ ጋር መግባባትን ተምሬአለሁ። በስተግራ ጥግ ያለው ሰማያዊ ፎጣ ከላዩ ላይ አንድ ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድ ተቀምጦለታል፤ ገጹ ከተሳፈርን ጀምሮ አልተገለጠም፤ ሳልፍ «እንደምን አደሩ» እለዋለሁ። እስካሁን በዚህ መርከብ ላይ እንደ ሕልሜ ሥራ ፈትቶ ሲጋደም ያየሁት እርሱን ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት የሽማግሌ ማጉረምረም ነው፤ ቢስቁበት አልቀየምም። ቀጣዩ ግን እንዲስቁበት የተጻፈ አይደለም፤ ቃና መለወጥ ስላልተካንኩ ብቻ በዚያው ድምፅ እቀጥላለሁ።

ሦስተኛ፤ ባለቤቴን ቋንቋዋን ስላስተማራችሁልኝ። አባቴ ማንዚኒ ይባል ነበር። በዙሉ ቋንቋ ውኃ «አማንዚ» ነው። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን ብቻም ሳይሆን ስሙ የተቀመጠበትን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ በምትኩም ከእርሷ በፊት የነበሩ ምራቶች ለዚሁ ያቆዩላትን ሌላ ቃል ትወስዳለች። ስለዚህ ማሲቢያ ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ውኃን «አማንዳምቢ» ትላለች። ስትጠማ፣ ስታጥብ፣ አትክልት ስታጠጣ፣ ልጅ ስትገሥጽ ከዚህ ቃል አልወጣችም። ያገባችበት ቤት ውኃ ላይ በቆመ ስም የሚጠራ ሆኖ ሳለ ልጇ በውኃ ላይ ጉዞ መስጠቷ ራሷንም አስቋት ነበር።

ከትናንት በስቲያ፣ በመዋኛው ገንዳ ዳር፣ «ዙሉ በአንድ ሰዓት» የተሰኘ ጨዋታ ተካሄደ። የመድረኩ መሪ ደረቱ ላይ «ስካይ» የሚል ስም የለጠፈ ደልዳላ ወጣት ነበር። ስካይ የደርባን ልጅ ነው፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ስኩምቡዞ መሆኑን ኋላ ሰምቻለሁ፤ ትርጉሙ «ማስታወሻ» ማለት ነው፤ ይህንን በልብዎ ይያዙልኝ። ሹራቧን እየሠራች ከጥላ ሥር የተቀመጠችውን ባለቤቴን አይቶ፣ «እማማ፣ ኑ እስቲ፣ ለፈረንጆቹ እውነተኛውን ዙሉ እናሳያቸው» ብሎ እጇን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣት።

ስሟን ጠየቃት። «ማሲቢያ ነኝ፤ የዙንጉዎች ሚስት» አለችው። በዙሉ ቤት ውስጥ አያት አጠገብ ያደገ ሰው ይህንን ሲሰማ እዚያው ላይ ይጠነቀቃል፤ የዙንጉ ወገን ሲወደስ «ማንዚኒ» ተብሎ ነውና፣ ይህች ሴት ከየትኛው ቃል ዘወር እንደምትል ለማወቅ የአባቴን ስም መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ስካይ አልተጠነቀቀም። ኮፍያ አሳያት፣ ስሙን ነገረችው። ወንበር አሳያት፣ ነገረችው። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፍ አደረገ።

«ይሄስ፣ እማማ?»

«ጠርሙስ።»

«ውስጡ ያለውን ነው የምልዎ። ውስጡን።»

«የሚጠጣ ነገር ነዋ፣ ልጄ። ጠምቶሃል እንዴ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ስካይ ሳቁን ወደደው፤ «ኧረ እማማ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን የሚያውቃትን ቃል! አንዴ ብቻ» አላት።

«አማንዳምቢ።»

«ምን አሉኝ?»

«አማንዳምቢ አልኩህ። አልገባህም እንደሆን እናትህን ጠይቃት።»

ወጣቱ ወደ ተመልካቹ ዞረና፣ «ወገኖቼ፣ እማማ አዲስ ዙሉ ፈጥረውልናል። ፀሐዩ ጠንከር ብሎባቸው ይሆናል፤ አጨብጭቡላቸው» አለ። አጨበጨቡላት። እርሷም አመስግና ወረደችና ሹራቧን አነሳች። እኔ ተናድጄ ከመቀመጫዬ ስነሣ፣ «ተወው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። አሮጊት በሌለበት ቤት አድጎ ነው» አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህንን ወረቀት አላነሳም ነበር። ነገር ግን የእርስዎ መርከብ በአንድ መንገደኛ ላይ የጀመረውን እንክብካቤ በመንገድ የሚተው አይደለም።

አራተኛ፤ ስለ ሐኪሟ ርኅራኄ። በማግሥቱ ጠዋት፣ ጉዳዩ ለክሊኒካችሁ መድረሱን የሚገልጽ እጅግ ትሑት የሆነ ጥሪ መጣልን፤ በዕድሜ የገፋች መንገደኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ቀላል ቃል እንደጠፋባት ስለተዘገበ ምርመራ ይደረግላታል ይላል። ዶክተር ሃልቮርሰን ትሑትና ጨዋ ሴት ናቸው። ባለቤቴ በደርባን አንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ስትሠራ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከእንግሊዝ ሐኪሞች ጋር በእንግሊዝኛ ስትነጋገር መኖሯን ነገርኳቸው። እርሳቸውም ምርመራው በእናት ቋንቋ ሲደረግ መንፈስ እንደሚረጋጋ አስረድተውኝ፣ መንፈሷ እንዲረጋጋ አስተርጓሚ አስመጡላት። አስተርጓሚው ማን እንደነበር መገመት አያዳግትዎትም።

ዶክተሯ ብዕር አሳዩአት፤ መለሰች። የእጅ ሰዓት አሳዩአት፤ መለሰች፤ ሰዓቱ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደቀረም ጨምራ ነገረቻቸው። ከዚያ የመስታወት ብርጭቆ ከነውኃው ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። ማሲቢያ ብርጭቆውን አየች፤ ስካይን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ «አማንዳምቢ» አለች።

ስካይ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ዶክተር፣ እንዲህ የሚባል ቃል በዙሉ የለም» አለ። ሐኪሟም «የሌሉ ቃላት ትፈጥራለች» ብለው ጻፉ፤ ሲጽፉ ፊታቸው ላይ ከልብ የሆነ ሐዘን ነበረ፤ ይህንን አልክድም።

እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ «ዶክተር፣ ቃሉ አለ፤ በመዝገበ ቃላት ተጽፎ ይገኛል» አልኳቸው።

«መዝገበ ቃላቱ ከእርስዎ ጋር አለ?»

«ኡምላዚ፣ መደርደሪያዬ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ስንመለስ በደስታ አየዋለሁ» አሉኝ፤ ይህም የሚያስመሰግን ትዕግሥት ነበር።

ማሲቢያ በበኩሏ ማስታወስ መቻሏን ለማስረዳት ያህል፣ በክፍላችን ስልክ አጠገብ በተለጠፈች ካርድ ላይ ያሉትን የመርከቢቱን ቢሮዎች የውስጥ ስልክ ቁጥሮች በሙሉ፣ ከእንግዳ መቀበያው እስከ ፀጉር አስተካካዩ፣ በቃሏ ወረደችባቸው። የእርስዎንም የመርከብ መምሪያ ክፍል፣ «ድልድይ» የምትሉትን፣ ቁጥር ታውቀዋለች። ሐኪሟ በአድናቆት አዳመጡና ይህ በመጠይቁ ውስጥ የሌለ መሆኑን ገለጹ። ከዚያም በግራ እጇ አንጓ ላይ ቢጫ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩላት። «ድጋፍ የሚያስፈልጋት» ይላል፤ በመቀስ ካልሆነ አይወልቅም።

ክቡር ካፒቴን፣ የዚያች ቢጫ ማሰሪያ ሕግ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ስለሆነ ለእርስዎ ማስረዳት የለብኝም፤ አንባቢ እንዳይቸገር ብቻ እጽፈዋለሁ። ማሰሪያውን ያሰረ መንገደኛ ወደብ ሲደርስ ብቻውን አይወርድም። አብሮት የሚወርድ የቤተሰብ አባል ዕድሜው ከሰባ አምስት ዓመት በታች መሆን አለበት፤ እኔ ይህንን ዕድሜ ያለፍኩት በራሴ ቸልተኝነት ነው። ይህ ካልተሟላ መንገደኛው በመርከቢቱ ተንከባካቢ እየተመራ የተዘጋጀውን የቡድን ጉብኝት ይሳተፋል። ነገ በፖርት ሉዊስ የተዘጋጀው የቡድን ጉብኝት የሩም አረቄ ፋብሪካ ነው። ማሲቢያ በሕይወቷ አልኮል በአፏ አልዞረም።

ነገ ጠዋት በፖርት ሉዊስ ወደብ በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ሴት አረንጓዴ ጃንጥላ ዘርግታ ትቀመጣለች። ዴሊሲሌ ትባላለች፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። በወጣትነታችን ዘመን አንድ የሞሪሸስ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ወድዳ ተከትላው ሄደች፤ ያኔ ለእኛ ዓይነቱ ሰው ፓስፖርት የሚባል ነገር የሚሰጥ አልነበረም፤ ሲሰጥ ደግሞ ልጆችና ደመወዝ አልተመጣጠኑም፤ ቀጥሎም ጉልበት አነሰ። እህትማማቾቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተያዩም። ዴሊሲሌ ሁለቱም ጉልበቶቿ ስለማይታዘዟት መሰላል አትወጣም፤ ጎብኚ ወደ መርከቢቱ እንዳይገባም ሕጋችሁ ይከለክላል። «አረንጓዴውን ጃንጥላ ፈልጊ፤ እኔ ወፍሬአለሁ፣ አታውቂኝም» ብላ በስልክ ነግራታለች። ማሲቢያ ከላይኛው ደርብ ጃንጥላውን ለማየት እንደምትችል የእንግዳ መቀበያው ልጆች አረጋግጠውልናል። እዚያ ያሉት ወንበሮች በፎጣ መያዛቸውን ግን አልነገሩንም።

መፍትሔው ቀላል እንደሆነ ሁሉም ነግረውናል። ሁለተኛ ምርመራ ማድረግ ይቻላል፤ አንዲት ቃል ብቻ ብትናገር ማሰሪያው ይቆረጣል። ስካይ ራሱ ትናንት ማታ እራት ላይ ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ ከወንበሯ አጠገብ ተንበርክኮ ለመናት፤ የሠራው ሥራ አሳስቦት እንደነበር ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«እማማ፣ በሹክሹክታ ይበሉት። ማን ይሰማዎታል? ባሕር መሃል ነን እኮ።»

«የት እንዳለን መች ጠፋኝ፣ ልጄ» አለችው። «ዙሪያውን እሱ አይደል?»

እኔም፣ የቤቱ አባወራ እንደመሆኔ፣ የሚጠበቅብኝን አደረግሁ። «አንቺ ሴት፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ። አባቴም ቢኖር ይፈቅድልሽ ነበር» አልኳት።

ሾርባዋን እያማሰለች፣ «ያከበርኩት አንተን መሰለህ እንዴ፣ አንተ የምትፈቅደው?» አለችኝ።

ይህንን መልስ ለእርስዎ ለመተርጎም አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። የመጀመሪያ ልጃችንን ባረገዘችበት ዓመት በሰፈራችን ያለው ቧንቧ አንድ ብቻ ነበር፤ ለመድረስ ዳገት መውጣት ያስፈልጋል። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ ባልዲ ተሸክሞ ከታየ ይሳቅበታል። አባቴ ማንዚኒ፣ ጺሙ የሸበተ፣ በቤተ ክርስቲያን ከፊት የሚቀመጥ ሰው፣ ኮቱን ለብሶና ኮፍያውን አድርጎ በየጠዋቱ ባልዲውን በትከሻው ተሸክሞ ያንን ዳገት ይወርድ ነበር። ጎረቤቶቻችን ከአጥር ላይ ሆነው «አባባ፣ መቼ ነው የሚወልዱት?» ይሉታል። «እግዚአብሔር ሲፈቅድ» ይላቸዋል። እርሷ ስሙን አልጠራችም፤ እርሱ ደግሞ ስሙን አላሸከማትም። በመካከላቸው ስለዚህ ነገር አንድ ቃል እንኳ እንዳልተነጋገሩ አውቃለሁ። ሲቀበር ዝናብ ይዘንብ ነበር።

እንግዲህ ሐኪምዎ የጠፋ ቃል ብለው የመዘገቡት ይህንን ነው።

እርስዎም ሳያውቁት በዚህ ጉዳይ ውስጥ በየቀኑ ተካፋይ ነዎት። እኩለ ቀን ሲሆን በድምፅ ማጉያው ቀርበው ያለንበትን ቦታ፣ የነፋሱን ኃይልና ከሥራችን ያለውን የውኃ ጥልቀት ይነግሩናል፤ በዚህ መርከብ ላይ ከሚነገረው ሁሉ እኔ በፍቅር የምሰማው ይህንን ብቻ ነው። ስካይ ተከትሎዎት በዙሉ ይተረጉመዋል። ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ የአባቴ ስም በአሥራ አራቱ ደርቦች ላይ ያስተጋባል። ያን ጊዜ ማሲቢያ የያዘችውን ስኒ ታስቀምጥና አንገቷን በትንሹ ዝቅ ታደርጋለች። አስተናጋጆቹ እንቅልፍ የወሰዳት ስለሚመስላቸው ቀስ ብለው ስኒዋን ያነሡባታል።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ስለ ዶሮ ሾርባው ነው። ትቼዋለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት፤ መርከቢቱ ነገ ጠዋት ወደብ ከመያዟ በፊት ያ ማሰሪያ ከባለቤቴ እጅ እንዲቆረጥ እንዲያዙልኝ ነው። ይህ ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ሥልጣንዎ ታላቅ ነውና፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሰባት ዓመት ከዕድሜዬ ላይ እንዲቀንሱልኝ እጠይቃለሁ። ሁለቱም የማይቻል ቢሆን ደግሞ የሰማያዊውን ፎጣ ባለቤት አፈላልገው፣ ባለቤቴ እህቷን ከሩቅ የምታይበትን ወንበር ለነገ ብቻ እንዲያውሳት ያግባቡልን።

ባሕሩ ለስላሳ፣ ነፋሱ ከኋላዎ፣ ዕረፍትዎም እኛን እንደምታሳርፉን ያለ ሳይሆን የእውነት ዕረፍት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ለተደረገልንና ገና ሊደረግልን ለታሰበው እንክብካቤ ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ አመሰግናለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣ በሻንጣ ተሸካሚነት የጀመረውን የመርከብ ሕይወት በመንገደኝነት የቀጠለ፣
ኤልፋስ ዙንጉ፣ የማንዚኒ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ። ክቡር ሆይ፣ ይህንን ለመዝጋት ስሰናዳ ሁኔታው ስለተለወጠ ጥቂት መስመሮች ለመጨመር ተገድጃለሁ። እኔ በላይኛው ደርብ ከፎጣዎቹ መካከል ይህንን ስጽፍ፣ ማሲቢያ ለማንም ሳትነግር ወደ ክሊኒኩ ወርዳ ሁለተኛ ምርመራ ጠየቀች። የሆነውን የነገረኝ በዚያ በአስተርጓሚነት የነበረው ስካይ ነው፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

ሐኪሟ ብዕሩን አሳዩአት፤ መለሰች። ሰዓቱን አሳዩአት፤ መለሰች። ብርጭቆውን ከነውኃው ከፊቷ አስቀመጡና፣ «እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሏት። ማሲቢያ ብርጭቆውን አነሣች፤ ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ አፏን በመሐረብ አብሳ ብርጭቆውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምንም የለም» አለች።

«አባባ ይሙቱ፣ ሐኪሟ ብርጭቆውን ዘቅዝቀው አዩት» አለኝ ስካይ። «ከዚያ ወረቀቱን አዩ። ወረቀቱ መልሱ ብርጭቆው ውስጥ ካለው ጋር ይስማማል ወይ ነው የሚለው። ይስማማል። ምን ያድርጉ? መቀሱን አነሡ።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺን የእማማን ቃል ቀስ ብዬ እንድደግምለት ለመነኝ። ደገምኩለት።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ እንደተለመደው ጥልቀቱን ነገሩን። ስካይም እንደተለመደው ተረጎመ፤ ውኃው ላይ ሲደርስ ግን ለአፍታ ቆመና «አማንዳምቢ» አለ። ማሲቢያ አንገቷን አልደፋችም። ስኒዋን እንደያዘች ቀጠለች፤ አስተናጋጁም ሳይወስድባት ቀረ።

የተቆረጠችውን ቢጫ ማሰሪያ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ሐኪሟ ሳይጥሏት ወደ ክሊኒኩ ወርጄ ለምኜ የተቀበልኳት ናት። በአራት ቋንቋዎች ውኃ ማለት እየቻሉ በመርከብዎ ላይ ማን እንደተሳፈረ ለማያውቁት ለእርስዎ እንደምትሆን አምናለሁ፤ ጫፍና ጫፏን በክር ቢያያይዟት እጅዎን ትይዛለች። ነገ በር ላይ አረንጓዴ ጃንጥላ ቢያዩ፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለት አሮጊቶች በድምፅ ማጉያ እንዳያስታውሷቸው አደራ። ፖስታውን አሽጌ በስካይ እጅ ወደ ድልድይዎ እልከዋለሁ።